ማስኪው ተከትሎ መጥቶ ሲመለስ፦ ለወዳጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዳዊት፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንተ ወደ ዊስኮንሲን ከተሻገርህ፣ እኔም እዚሁ ሴንት ፖል ከቀረሁ ወዲህ፣ ሥራው፣ ልጆቹና ርቀቱ ተባብረው ሳንጠያየቅ ብዙ ጊዜ አለፈ። በሄይዋርድ አጠገብ ቤት መያዝህንና በቺፔዋ ፍሎዌጅ ሐይቅ ላይ ጀልባ ማውረድ መጀመርህን ስትጽፍልኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ማስኪ ስለሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ «ማስኪው እስከ ጀልባው ድረስ ይከተላል፤ ከዚያ ሳይነካ ይሰወራል» ያልኸው ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ ሌላውን ወሬ ለስልክ ትቼ ስለዚሁ ብቻ ልጽፍልህ ወሰንሁ።

ተከትሎ የመጣ ዓሣ ማባበያህን፣ ያንን መንጠቆ ያለበትን ሰው ሠራሽ መሳቢያ፣ ንቆ የተመለሰ አይምሰልህ። ከአረም ጥግ ወይም ከሰመጠ ጉቶ ሥር መውጣቱ ራሱ መጠኑና ንዝረቱ እንደሳበው ይነግርሃል፤ የቀረው የመጨረሻውን ውሳኔ የሚያስወስነው ነገር ነው። የመንደር ውሻ መንገደኛውን ዝም ብሎ ከኋላ ይከተላል፤ መንገደኛው ድንገት ሲሮጥ ግን ይናከሳል። ማስኪም በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ጥልቀትና በቀጥታ መስመር የሚሄደውን ነገር እያየ እስከ መጨረሻው ሊከተል ይችላል፤ አፉን የሚያስከፍተው ለውጥ ነው። ስለዚህ ማባበያ ስመርጥ ከቀለሙ በፊት የምመለከተው፣ ዓሣው ከኋላው ሳለ ምን ዓይነት ለውጥ ሊያሳየው እንደሚችል ነው።

የአንተ ውሃ ከእኛው ይለያል። እኔ በምሄድበት በሚኔሶታው ሚል ላክስ ሐይቅ ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ የዓሣውን ጥላ ከሩቅ አይቼ እዘጋጃለሁ። ቺፔዋ ፍሎዌጅ ግን በ1923 በግድብ የተፈጠረ፣ ጉቶና ተንሳፋፊ ረግረግ የበዛበት፣ ቡናማ ውሃ ነው፤ ዓሣውን የምታየው እግርህ ሥር ሲደርስ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ጨርሶ አታየውም። በእንዲህ ዓይነቱ ውሃ ማስኪ ማባበያውን የሚያገኘው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጎኑ ላይ በተዘረጋው ንዝረት የሚለይ መስመር ጭምር ስለሆነ፣ ውሃውን አጥብቆ የሚመታ ነገር ያስፈልግሃል። በሰመር ወራት ሁለት ትልልቅ ተሽከርካሪ ብረቶች ያሉትን ጥቁር ባክቴይል፣ ማለትም የፀጉር ጅራት ያለውን ማባበያ፣ አስቀድም፤ ብረቶቹ ብርቱካናማ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ባክቴይል ግን ቆም ማድረግን አይወድም፤ ብረቶቹ መሽከርከር ካቆሙ ነፍሱ ይወጣል። ለውጡን ማምጣት ያለብህ በፍጥነት ነው፤ በመሃል ሪሉን (የክር መጠቅለያውን) ሁለት ሦስት ዙር በኃይል አጠንጥነውና ወደ ቀድሞው ፍጥነት መልሰው።

ዓሣው በዝግታና ዝቅ ብሎ የሚከተልህ ከሆነ ግን ከፍጥነት ይልቅ መውጣትና መውረድ ሊያስቆጣው ይችላል። እዚያው ዊስኮንሲን አንቲጎ ውስጥ ፍራንክ ሱዊክ የፈጠረው የእንጨት ማባበያ እስከ ዛሬ ከሣጥኔ ያልወጣው ለዚህ ነው። ዘንጉን ወደ ታች ስትጎትተው ይጠልቃል፤ ስትተወው በዝግታ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከጅራቱ ያለችውን ብረት ወደ ታች ብታጥፋት ይበልጥ ይጠልቃል። ብዙ ጊዜ የሚነከሰው በሚንሳፈፍበት ቅጽበት ስለሆነ በዚያን ጊዜ የላላውን ክር ሰብስብ። ከባድ የጎማ ማባበያዎችም እየተሳቡና እየወደቁ ይህንኑ ሥራ ጠለቅ ባለ ውሃ ይሠራሉ። ማታ ማታ በውሃው ገጽ ላይ እየተንጫጫ የሚሄደውን ማባበያ ስትጠቀም ግን ምክሬ ተቃራኒ ነው፤ በጨለማ ዓሣው አነጣጥሮ መምታት እንዲችል ፍጥነቱን አታዛባበት፤ ውሃው ሲፈነዳም የዓሣውን ክብደት በእጅህ ሳትሰማ ዘንጉን አትሳብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጀልባው አጠገብ በዘንጉ ጫፍ ማባበያውን በስምንት ቁጥር (8) ቅርጽ ማዞር፣ ማለትም የስምንት ቁጥር ዙር፣ ዓሣ ስታይ ብቻ የምታደርገው ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን የእያንዳንዱ ውርወራ የመጨረሻ ክፍል ነው። በአንተ ቡናማ ውሃ ላይማ ይህን የሚተው ሰው መኖራቸውን ሳያውቅ ብዙ ዓሦችን ይሸኛል። ማባበያው ሲቃረብ ሊደሩ (ማባበያውን ከክሩ የሚያገናኘው ጠንካራ ማያያዣ) ከዘንጉ ጫፍ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ አትጠቅልል፤ አንድ ጫማ ያህል ክር ተው። ጫፉን ወደ ውሃው አስገባና ማባበያው ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ሳይቆም ወደ ጎን አዙረው። ብዙ ሰው የሚያጣው በዚህች የመጀመሪያ መታጠፊያ ነው፤ ዓሣውን ያይና ይደነግጣል፣ እጁም ይቆማል።

መታጠፊያውን ሰፊ አድርገው። ሃምሳ ኢንች የሚሆን ዓሣ በጠባብ ዙር ሊታጠፍ አይችልም፤ ዓይኖቹም ወደ ላይ ያዘነበሉ ስለሆኑ ማባበያው ከአገጩ ሥር ከገባ ይጠፋበታል። ዘጠኝ ጫማ ዘንግ የምመርጠው ለዚህ ነው። ወደ መታጠፊያው ስትገባ ማባበያውን ዝቅ አድርገው፣ ስትወጣ ፍጥነት ጨምረህ ከፍ አድርገው፤ ጎኑን ለዓሣው የሚያሳየው በዚያን ጊዜ ነው፣ ንክሻውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እዚያው ላይ ነው። ዓሣው ከዓይንህ ቢሰወርም አታቁም፤ ከጀልባው ሥር ሆኖ እየተመለከተ ሊሆን ይችላልና ጠለቅ አድርገህ ጥቂት ዙር ጨምር። ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ ሳይሆን ዓሣው ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ወደ ጎን ሳበው፤ መንጠቆው ከአፉ ጥግ ይይዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ካለህ ቦታውን ምልክት አድርግና ተወው። ደጋግሞ መወርወር ያስደነግጠዋል እንጂ አያስበላውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ወይም ጨረቃ ስትወጣ፣ በሌላ ማዕዘንና በሌላ ዓይነት ማባበያ ተመለስ፤ ቀን በባክቴይል ያሳደድኸውን ማታ በጎማው ወይም በውሃ ላይ በሚሄደው ጠይቀው። ቤቱን ያሳየህ ዓሣ ባዶ ውሃ ከመፈለግ ያድንሃል።

ውሃው ከ80 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ ግን፣ እባክህ ወንድሜ፣ ማስኪን ተወው፤ በሞቀ ውሃ የታገለ ዓሣ ቢለቀቅም ላይተርፍ ይችላል። በመጸው ውሃው ሲቀዘቅዝ አካሄድህን አዝግም እንጂ ጀልባህን ከውሃ አውጥተህ አታስቀምጥ። የሚኔሶታን የክብደት ክብረ ወሰን የያዘው፣ ከ55 ፓውንድ በላይ የመዘነው ማስኪ ከሚል ላክስ የወጣው በኖቬምበር 2021 መጨረሻ ላይ ነበር። ትልቅ የጎማ መረብና መንጠቆ የሚቆርጥ ጠንካራ ፒንሳ ከጀልባህ አይለዩ፤ መንጠቆው ጠልቆ ከገባ ዓሣውን ከውሃ ሳታወጣ ቁረጠው።

በዚህ ሳምንት ሁለት ባክቴይልና አንድ የሱዊክ ማባበያ በፖስታ እልክልሃለሁ። የምትወረውርበትን የአረም ጥግ ጥልቀትና ዓሦቹ ከየትኛው ወገን እንደሚመጡ ጻፍልኝ፤ ሴፕቴምበር ላይ ስመጣ ከዚያው እንጀምራለን። ባለቤትህንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ።

አክባሪ ወንድምህ፣
ብርሃኑ