ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ምርመራ ክፍያ ለደንበኞቻችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ባለባቸው የወንጀል ክሶች ላይ የምርመራ ወጪውን ከጥብቅና ክፍያው ለይተን ማስከፈል በመጀመራችን ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። ለተሰማችሁ ቅሬታ ይቅርታ እንጠይቃለን። «በሰው ጭንቅ ይነግዳሉ» መባላችን ግን አንጀታችንን አቁስሎታልና ምክንያታችንን ስሙን።

ይህን ቢሮ በአንድ ጠረጴዛ ስከፍት የወንጀል መዝገብ ማለት የምስክሮች ቃልና ጥቂት ሰነዶች ነበር። ሌሊት አንብቤ ጠዋት ችሎት እቀርብ ነበር። ዛሬ ዓቃቤ ሕግ የሚያያይዘው የአንድ ስልክ ሙሉ ቅጂ፣ የጥሪ ዝርዝርና የቀናት የካሜራ ምስል ነው። የሚመረምረውን ባለሙያ የምናመጣው ከፍለን ነው፤ የሶፍትዌሩ ፈቃድም በየዓመቱ እየተወደደ ይታደሳል። ይህን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ከኪሳችን ስንሸፍን ለማንም አልተናገርንም።

«ኮምፒውተር ያወጣውን ምን ትመረምራላችሁ?» ያላችሁን አላችሁ። በዴንማርክ የስልክ መገኛ መረጃ ስህተት እንዳለበት ሲታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ10,000 በላይ የፍርድ መዝገቦች እንደገና እንዲፈተሹ ታዟል። በብሪታንያ ሆራይዘን የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በስህተት ያሳየው የገንዘብ ጉድለት ታምኖ ከ900 በላይ የፖስታ አገልግሎት ወኪሎች ጥፋተኛ ተብለዋል፤ የብዙዎቹ ፍርድ በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ተከሳሹ ነፃ ሆኖ መገመት ሲገባው፣ ትክክል ነው ተብሎ የተገመተው ኮምፒውተሩ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ምርመራ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። የጥሪ ዝርዝሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ተመዝግቦ ከሆነ፣ እኩለ ሌሊት የሚመስለው ጥሪ የተደረገው በሌላ ሰዓት ሊሆን ይችላል። የስልክ አንቴና ስልኩ የነበረበትን አካባቢ ቢጠቁም እንኳ በማን እጅ እንደነበረ አይናገርም። የስልኩ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሃሽ የሚባለው፣ ከይዘቱ የሚሰላው መለያ ቁጥሩ ይቀየራል፤ እሱን ሳናመሳክር ዝም ብንል፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ የምንይዘው ነገር አይኖረንም። ዋጋችንን ዝቅ አድርገን ምርመራውን መዝለል እንችል ነበር። አላደረግነውም፤ ወደፊትም አናደርገውም።

ከዚህ ውሳኔ በፊት ውል የፈረማችሁ አዲሱ ክፍያ አይመለከታችሁም። ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ የሌለበት ክስም እንደ ቀድሞው ነው። በአንድ ጊዜ መክፈል የሚከብዳችሁ በየቀጠሮው ከፋፍላችሁ ክፈሉ። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወንድምና እህታችሁን አምናችሁ የላካችሁልን ደግሞ፣ ተቀይማችሁ ወደ ሌላ ከመሄዳችሁ በፊት እባካችሁ መጥታችሁ አነጋግሩን። የክስ ማመልከቻውን ይዛችሁ ኑ፤ ምርመራ የማያስፈልገው ከሆነ በግልጽ እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥብቅና ቢሮው ባለቤት