ስለ ጃፓን ስኮላርሺፕ ስትጽፉ ሰፈሩንም አትርሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ወደ ጃፓን ለትምህርት ስለሚሄዱ ልጆቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ስኮላርሺፑ በደንብ ተጽፏል። ስለ ሰፈሩ ኑሮ ግን ምንም አልተባለም፤ የቆጨኝም ይሄ ነው።

ብዙ የባህል ልውውጥ ፕሮግራሞች ተማሪውን ኪሞኖ አልብሰው፣ ሻይ አቅምሰው፣ ፎቶ አንስተው ይሸኙታል። እኔ ይሄ አይበቃም ባይ ነኝ። ጃፓኖች ቾናይካይ የሚሉት የሰፈር ማኅበር አላቸው። አባላቱ መንገድ ያጸዳሉ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ አብረው ይለማመዳሉ፣ በነሐሴ ሙቀት የሙታን መታሰቢያ የሆነውን የቦን በዓል ጭፈራ ያዘጋጃሉ። ዕድር የሚያውቅ ልጅ እዚያ ባዳ አይሆንም።

ለዚህ የቤፑ ከተማ ትታየኛለች። እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያ በተከፈተው የሪትሱሜይካን እስያ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ የውጭ ዜጎች ናቸው። ከተማዋ በፍል ውሃ የታወቀች ናት፤ በሰፈር መታጠቢያ ቤት ተማሪና አዛውንት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በገጠር ደግሞ ወጣቱ እየተመናመነ ነው። በበዓል ቀን ሚኮሺ የሚባለውን ተንቀሳቃሽ መቅደስ የሚሸከም ትከሻ ይፈለጋል። እንግዳው ተማሪ እዚያ ተመልካች ብቻ አይሆንም፤ እውነትም ያስፈልጋል።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ከጃፓን የተመለሱትን ስለ ዲግሪያቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቻቸውም ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ