ስለ ማሽኑ ጉልበት ስትጽፉ ክብደቱንም ጻፉልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ እርሻ መካናይዜሽን በምታወጧቸው ዘገባዎች የማሽኖቹ የፈረስ ጉልበት፣ በቀን የሚያርሱትና የሚያጭዱት መሬት እንዲሁም የሚያድኑት የሰው ድካም በተደጋጋሚ ሲነሳ አነባለሁ፤ ክብደታቸው ግን ሲጠቀስ አላየሁም። «ማሽን ይቅር» ባይ አይደለሁም፤ ነገር ግን ጎማ የጠቀጠቀው አፈር በአንድ ወቅት የተገኘውን ትርፍ በሚቀጥሉት ዓመታት ምርት መልሶ ሊወስድ ስለሚችል ጉዳዩ ሊዘነጋ አይገባም።

ከጤናማ አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው፤ ውሃ የሚሰርገው፣ አየር የሚገባው፣ ሥርም የሚያልፈው በዚያ ነው። ከባድ ማሽን ሲያልፍ ቀድመው የሚደፈኑት ትልልቆቹ ክፍተቶች ስለሆኑ ዝናቡ ወደ ታች መስረጉን ትቶ ይተኛል ወይም አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ አየር ያጣው አፈርም ለሰብሉ ከተጨመረው ናይትሮጅን ከፊሉን ናይትረስ ኦክሳይድ ወደተባለ ጋዝ ለውጦ ወደ አየር ይለቀዋል።

«ጎማው ሰፊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው የሻጮች ማረጋገጫ ግማሽ እውነት አለው። ሰፊና ንፋሱ የተቀነሰ ጎማ ሸክሙን ስለሚበትነው የላይኛውን አፈር በእርግጥ ያተርፋል (ለአስፋልት የተሞላውን ንፋስ ሳይቀንሱ ማሳ የሚገቡ አሽከርካሪዎች ይህንንም ጥቅም ያጡታል)። ከማረሻ ጥልቀት በታች የሚደርሰውን ጫና በዋናነት የሚወስነው ግን በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያረፈው ክብደት ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ አክስሉ 10 ቶን ከተሸከመ ጉዳቱ እስከ 50 ሴንቲሜትር ሊወርድ ይችላል፤ እዚያ ደግሞ ማረሻ ስለማይደርስ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከነጭነታቸው 4 ቶን ገደማ ይመዝኑ የነበሩት ኮምባይነሮች (ሰብል አጭደው የሚወቁ ማሽኖች) ዛሬ ትልልቆቹ ከ30 ቶን ያልፋሉ። ጎማቸውም አብሮ ስለሰፋ የላይኛው አፈር ለውጡን እምብዛም አያሳይም፤ የታችኛው ግን ሙሉውን ዕዳ ይሸከማል።

በጥልቅ ማረሻ ሰንጥቀን እንመልሰዋለን የሚሉ አሉ። እርጥብ አፈር ግን በብረት ሲገፋ ይለሰናል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ደርቆ ቢላላ እንኳ የሚቀጥለው ጉዞ ከቀድሞው አብሶ ሊጠቀጥቀው ይችላል። ከዚህ ይልቅ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያው ጉዞ ስለሆነ ማሽኖቹን በየዓመቱ በማይለወጥ መስመር ላይ ብቻ መንዳት ይሻላል። በዘፈቀደ ሲነዱ በአንድ የምርት ወቅት ከማሳው ከግማሽ በላይ ይረገጣል፤ በቋሚ መስመር ከተነዱ ግን የሚረገጠውን ከ20 በመቶ በታች ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ ስለ አዲስ ማሽን ሲጽፉ የእህል ጋኑ ሞልቶ በየአክስሉ ስንት ቶን እንደሚያርፍ፣ ማሳው በምን ያህል እርጥበት ላይ ሳለ እንደሚገባም እንዲጠይቁልን በአክብሮት አሳስባለሁ። ሁለተኛውን ለመመለስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከማረሻ ጥልቀት የወጣ አፈር በመዳፍ ሲታሽ እንደ ገመድ ከተጠቀለለ፣ ማሽኑ ማሳው ዳር ይቁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ