ለልብስ ሰፊው አባቴ፣ ከለንደን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የጉልበትዎ ሕመም ጋብ ማለቱን ከወንድሜ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በስልክ ስንነጋገር ጊዜው በሰላምታና በምርቃት ስለሚያልቅብን፣ ባለፈው ዓርብ ምሽት ያየሁትን ነገር ቁጭ ብዬ በደብዳቤ ልነግርዎ ወድጃለሁ፤ ከማንም በላይ የሚገባዎት እርስዎ ነዎትና።

እዚህ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1852 የተመሠረተ፣ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት የሚባል የጥበብና የእጅ ሙያ ሙዚየም አለ። ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍትም የሚገኘው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ዓርብ ዓርብ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ስለሚቆይ፣ አንባቢዎች ከወጡ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ስለ ልብስ የተጻፉ አሮጌ መጻሕፍትንና የፋሽን መጽሔቶችን አውጥተው ለጥቂት ሰዎች አሳዩን። ብዕር ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው። ጓንት ይሰጡናል ብዬ ስጠብቅ፣ ጓንት ያጠለቀ ጣት የወረቀቱን ስስነት ስለማይለይ ገጹን ሊቀድ እንደሚችል ነግረውን፣ እጃችንን ታጥበን በደንብ እንድናደርቅ ብቻ አዘዙን። እርስዎም ነጭ ብትን ከመንካትዎ በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርዎ የምፈልገው ስለ አንድ የሙያ ባልደረባዎ መጽሐፍ ነው። ኹዋን ደ አልሴጋ የተባለ፣ በሰሜን ስፔን ካለው ከባስክ አገር የተገኘ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1580 ማድሪድ ላይ ያሳተመው ሲሆን፣ እኛ ያየነው በ1589 እንደገና የታተመውን ነው። ካባ፣ የሴት ቀሚስ፣ አጭር የወንድ ኮት፣ የካህናት ልብስ፣ ሁሉም በየገጹ ተሥሎ ይገኛል። ሥዕሎቹ ግን ልብስ የለበሰ ሰው አያሳዩም፤ የሚያሳዩት ብትኑ ጨርቅ ተዘርግቶ ፊቱ፣ ጀርባውና እጅጌው ከመቆረጣቸው በፊት እንዴት ጎን ለጎን እንደሚደረደሩ ነው። የሐር ጨርቅ ጠባብ፣ የሱፍ ጨርቅ ደግሞ ሰፊ ስለነበር፣ አንዱን ልብስ ከሐር ሲቆርጡትና ከሱፍ ሲቆርጡት አደራደሩ ይለያያል፤ ስንት ክንድ እንደሚፈጅም በአጭር ምልክት ተጽፏል። የጨርቁ ወርድ ለቀሚሱ ስፋት ሳይበቃ ሲቀር፣ ከጥጉ በተረፈው ቁራጭ እንዴት እንደሚቀጠል እንኳ አልተዘለለም። መቀሱን ሳያነሡ ጠመኔዎን ይዘው ጨርቁን በአራቱም በኩል እየዞሩ ሲያዩት፣ ደንበኛው ደግሞ «ምነው ጋሼ፣ አይጀምሩም?» እያለ ሲቸኩል ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

አብዛኛው ሰው የተሰበሰበው ግን ባማሩት ሥዕሎች ዙሪያ ነበር። ኒኮላውስ ሃይደሎፍ እ.ኤ.አ. ከ1794 እስከ 1803 እዚሁ ለንደን ያወጣው የነበረ፣ ሥዕሉ አንድ በአንድ በእጅ የተቀባ የፋሽን መጽሔት ቀርቦ ነበር። ከ1912 እስከ 1925 ፓሪስ ላይ ይታተም የነበረው ጋዜት ዱ ቦን ቶንም ነበረ፤ በዚህኛው ለየቀለሙ የተለየ ስስ የብረት ቅድ እየተቆረጠ፣ ቀለሙ በዚያ ላይ በብሩሽ ስለሚቀባ፣ ዛሬም ትናንት የተሠራ ይመስላል። ውብ መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም ስፌቱ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ገበሩ ከምን እንደሆነ፣ ትከሻው እንዴት እንደቆመ አንዱም አይናገርም፤ እኔም የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና ብዙ ሳልቆይ ሰለቸኝ።

ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ሩዶልፍ አከርማን የተባለ ሰው ከ1809 ጀምሮ በየወሩ ያሳትመው የነበረው መጽሔት ነው። ይህ ሰው የእንግሊዝ ፋብሪካዎችን ጨርቅ ለማስተዋወቅ ሲል እውነተኛ ቁራጭ እያስቆረጠ ከገጹ ላይ ያስለጥፍ ነበር፤ ቁራጮቹ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም እዚያው አሉ። ባርባራ ጆንሰን የተባለች የቄስ ልጅ ደግሞ ከልጅነቷ ከ1746 ጀምራ እስከ 1823 ድረስ፣ ልብስ ባሰፋች ቁጥር ከጨርቁ ቁራጭ እያስቀረች፣ ከጎኑ ዋጋውን፣ ርዝመቱንና ምን እንደተሰፋበት ጽፋለች። ዋናው መዝገብ የሚገኘው በዚሁ ሙዚየም ሲሆን፣ እኛ ያገላበጥነው እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመውን ቅጂውን ነው። እርሷ ግን ደንበኛ እንጂ ሰፊ አልነበረችም። ከአልሴጋ በቀር በዚያ ምሽት ካየሁት ሁሉ ውስጥ በሰፊው በኩል ሆኖ የሚናገር አላገኘሁም።

የእኛን አገር ነገር ሳልጠይቅ መቼም አልወጣም። መቅደላ ከወደቀ 150 ዓመት በሞላበት እ.ኤ.አ. በ2018 የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ በዚሁ ሙዚየም ለእይታ ቀርቦ ነበር። በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፈው ጋር ወጥቶ በ1869 ወደዚህ ሙዚየም ገባ። ከአንዷ ሠራተኛ ጋር ሆነን መዝገቡን በኮምፒዩተር ከፍተን አየነው። የባለቤቲቱ ስም፣ የገባበት ዓመት፣ የክሩና የጨርቁ ዓይነት ሁሉ ሰፍሯል፤ የጠላፊው ስም ግን የለም። ቀሚሱ ያለ ፈቃድ መወሰዱ ያንገበግበኛል፤ በእጁ የጠለፈው ሰው ማን እንደሆነ አለመታወቁም እንዲሁ።

እንግዲህ አባዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ የተከመሩት የልክ ደብተሮችዎ፣ የደንበኛው ስም ከትከሻው፣ ከደረቱና ከእጅጌው ልክ ጋር የተጻፈባቸው፣ በአንዳንዱም ገጽ የኮቱ ጨርቅ ቁራጭ በስፒል የተያያዘባቸው፣ ለቆራሌው እንዳይሰጡብኝ። ዝገት ጨርቁንም ወረቀቱንም ስለሚበላ፣ ስፒሎቹን ወንድሜ በቀስታ ያውጣቸው። በላስቲክ አይታሸጉ፤ ታጥቦ በደረቀ አቡጀዲ ተጠቅልለው፣ እርጥበት ካለው ግድግዳና ከፀሐይ ርቀው ይቀመጡ። የሚጨመር ነገር ካለ በእርሳስ ይጻፍ። ገጾቹን በስልክ ፎቶ እያነሣ ሲልክልኝ፣ እርስዎ ደግሞ ልብሱ ለማን እንደነበረና እንዴት እንደቆረጡት ይንገሩት፤ ድምፅዎን ይቅረጽልኝ።

ለመጀመሪያ ያህል ይህችን ይመልሱልኝ። ቤልቦተም በገነነበት ዘመን፣ ያ ሁሉ የሱሪ እግር ስፋት ከአንድ ሰው ብትን እንዴት ይበቃዎት ነበር? ሁለቱን እግሮች ዘቅዝቀው ያገጣጥሟቸው ነበር ወይስ ከታች ይቀጥሉ ነበር?

አክባሪ ልጅዎ