የፍሪጁ ቁጥር ዲግሪ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ምግብ ንጽሕና ሲወራ እጅ መታጠብ ይነሳል። ፍሪጁ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። አብዛኛው ሰው ውስጥ ያለችውን ማስተካከያ አይቶ «4 ላይ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ያቺ ቁጥር የማቀዝቀዣውን ደረጃ እንጂ ሙቀቱን አትናገርም።

ትክክለኛውን የሚናገረው ቴርሞሜትር ነው። ፍሪጅ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መሆን አለበት። ፍሪጁ ከዚያ ሲሞቅ ባክቴሪያ ቶሎ ቶሎ ይራባል። ክፋቱ፣ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ሁልጊዜ ሽታም ጣዕምም አይቀይሩም። አሽትቶ መፍረድ አያዋጣም።

አለካኩም ዘዴ አለው። በሩ ሲከፈት አየሩ ወዲያው ስለሚሞቅ፣ ቴርሞሜትሩን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ማሳደር ይሻላል። ጠዋት ከፈት አድርጎ ቶሎ ማንበብ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ከሆነ በበረዱት ጥቅሎች መሃል ይግባ። የትኩሳት መለኪያውን ግን ተዉት፤ ለሰውነት ሙቀት የተሠራ ስለሆነ እዚህ አያገለግልም። የሜርኩሪ ከሆነማ ምግብ አጠገብ ተሰብሮ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የበሩ ኪስ ብዙውን ጊዜ ከውስጡ ይልቅ ይሞቃል። ወተት እዚያ ባይቀመጥ ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋም ቴርሞሜትር ካለ መገመት አያስፈልግም። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

አምራቾች ግን ይህን ትንሽ መለኪያ ከእያንዳንዱ ፍሪጅ ጋር አብረው ቢሸጡ ምን ይጎድልባቸዋል?

አንባቢያችሁ