ለዘር ድንች ማከማቻ ቤቶቻችን ግንባታ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የአካባቢያችን ተወላጆችና ወዳጆች፣ በእንጅባራ፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ ሁሉ፤

በአዊ ዞን በእንጅባራ ዙሪያ ባሉ ሦስት ጎጦች የምንኖር ድንች አምራቾች፣ ለዘር የምንለየውን ድንች የምናቆይባቸው ሦስት ቤቶች በጋራ ለመሥራት ተስማምተን ቦታውን ለይተናል፣ እንጨቱንም መቁረጥ ጀምረናል። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ርብራቡና ጉልበቱ ከእኛው ነው። ከእናንተ የምንጠይቀው መሬታችን የማያበቅለውን ብቻ ሲሆን እርሱም የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአንድ አናጢ የእጅ ዋጋ ነው። ሆኖም ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚሠራበት አውቆ ሊሰጥ ስለሚገባው፣ ቤቱ ለምን እንዳስፈለገና እንዴት እንደሚሠራ አስቀድመን እናስረዳለን።

በክረምቱ ዝናብ ያመረትነው ድንች በመስከረምና በጥቅምት ይቆፈራል። ከእርሱ ለዘር የሚለየው እስከ ግንቦት ተከላ ድረስ ሰባት ወር ያህል ሳይበላሽ መቆየት አለበት። አብዛኞቻችን እስካሁን ስናደርግ የኖርነው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ሳንቆፍር መሬት ውስጥ እንተወዋለን፣ ወይ በጆንያ ሞልተን ወይም ከአልጋ ሥር አፍስሰን በጨለማ እናስቀምጠዋለን። መሬት ውስጥ የተተወው በድንች እሳት እራትና በብስባሽ ይጎዳል፤ ከዚያም በላይ ማሳውን ይዞ ስለሚቆይ በመስኖ ሌላ ሰብል እንዳንዘራበት ያደርገናል። በጨለማ የተቀመጠው ደግሞ ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ጉንቁል ያወጣል። ያ ጉንቁል ድንቹ የያዘውን ውኃና ምግብ መጥጦ ድንቹን ያጨማድደዋል፣ ወደ ማሳ ሲጓጓዝም ይሰበራል፤ የተሰበረበት ድንች ተተክሎ ቢበቅል እንኳ ዘግይቶና ደክሞ ነው። በዚህ ምክንያት ግንቦት ሲገባ ዘሩ ያለቀበት ቤተሰብ ወደ ገበያ ይወጣል፤ የሚገዛው ድንች ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ከእርሱም ጋር የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ወደ ማሳው ሊገባ ይችላል። ይህ በሽታ አንዴ አፈር ከያዘ በቀላሉ የሚለቅ ስላልሆነ፣ የዘር ጉዳይ የአንድ ዓመት ኪሳራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ አገሮች ያስፋፋው፣ በአገራችንም የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በምዕራብ ሸዋ በጀልዱና በሌሎችም ደጋ ወረዳዎች ከገበሬዎች ጋር ያስለመደው ማከማቻ ነው። አሠራሩ የተመሠረተው በብርሃን ላይ ነው። ድንች ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው ከየአቅጣጫው የሚገባ ለስላሳ ብርሃንና ነፋስ ሲያገኝ ጉንቁሉ መርዘሙን ይተውና አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል፤ ከጫፉ ዓይን ብቻ ሳይሆን ከብዙ ዓይኖችም ይወጣል። ሲተከል ቶሎና እኩል ይበቅላል፣ በርከት ያለ ግንድም ያወጣል። ድንቹ ራሱ አረንጓዴ ስለሚሆንና አረንጓዴ ድንች መራራና ለጤና ጎጂ ስለሆነ ለወጥ አይውልም። ይህን አንዳንዶች እንደ ጉድለት ቢያነሡትም እኛ ግን እንደ ጥበቃ ነው የምናየው፤ በዓል ሲመጣና ገንዘብ ሲያጥር ከዘሩ ላይ እየቀነሱ መሸጥ ያለ ነገር ነውና፣ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አረንጓዴ የሆነውን ድንች ግን ለምግብ የሚገዛ አይኖርም።

አንዱ ቤት 10 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ እንዲህ ሲሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው ጠባቡን ጎን ብቻ ነው። ግድግዳው በጭቃ አይመረግም፤ ብርሃንና ነፋስ እንዲያሳልፍ ቀርከሃው ተሰንጥቆ በመሐሉ ክፍተት እየተተወ ይመታል። ጣሪያው ከግድግዳው በየጎኑ አንድ ሜትር ወጥቶ ሰፊ ታዛ እንዲሠራ ተደርጓል፤ የቤቱ ጥቅም ሁሉ የሚመካው በዚህ ታዛ ላይ ነው፣ ታዛው ካጠረ ፀሐዩም ዝናቡም ድንቹ ላይ ይደርሳልና። በውስጥ በግራና በቀኝ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ አንዱ ካንዱ በላይ የሆኑ አራት አራት ቆጦች ይሠራሉ፤ በመሐል አንድ ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። ድንቹ በቆጡ ላይ የሚነጠፈው ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተቆለለ የታችኛው ብርሃን ያጣና ወደ ጥንቱ ጨለማ ይመለሳል። በዚህ ስሌት አንዱ ቤት 50 ኩንታል ያህል ይይዛል። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ዘር ስለሚያስፈልግ፣ አንዱ ቤት 10 ጥማድ የሚያህል መሬት ያስተክላል ማለት ነው።

ሃምሳ ኩንታል ቀላል ሸክም አይደለምና በቋሚው ላይ አንቆጥብም። ቋሚዎቹ በየሁለት ሜትሩ ይተከላሉ፤ በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው አንዱ ቆጥ ብቻ የሁለት ሰው ክብደት ይሸከማል። ለቋሚ ጥድ ከሁሉ የተሻለ በሆነ ነበር፣ ነገር ግን በአካባቢያችን የቀሩት ትልልቅ ጥዶች በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያሉት ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ ማንም አይነካም። ስለዚህ የበሰለ ባሕር ዛፍ እንጠቀማለን። መሬት የሚገባው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍል በእሳት ተለብልቦ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፣ ጉድጓዱም በድንጋይ ይጠቀጠቃል፤ የአገራችን ዝናብና እርጥበት እንጨትን ከሥሩ የሚያበሰብሰው ፈጥኖ ስለሆነ። ለወራጅና ለማገር በየደጃችን ያለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ይበቃል። ቀርከሃው ሦስት ዓመት የሞላው ሆኖ በበጋ የተቆረጠ መሆን አለበት፤ ለጋው ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል፣ አንድ ክረምትም አይሻገር። በየቋሚው ላይ አይጥ እንዳይወጣ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ቀሚስ ይታሰራል። ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ከማሳ ወደ ጉንቁሉ ተሻግሮ የቫይረስ በሽታ እንዳያስተላልፍ ቤቱ ከድንች ማሳ ራቅ ብሎ ይሠራል፤ በየሳምንቱ ድንቹን የሚያይና የበሰበሰውን የሚለቅም ተረኛም ይመደባል።

ከመካከላችን አንዳንዶች በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠራ አንድ ትልቅ መጋዘን ይሻላል ብለው ነበር። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ለዘር ድንች አይስማማም፤ የተደፈነ ግድግዳ ብርሃንም ነፋስም ስለሚከለክል፣ በብዙ ወጪ የምናገኘው ከአልጋ ሥር ያለውን ጨለማ ነው። አንድ ቦታ መከማቸቱም በሽታ ቢገባ ሁሉንም ያዳርሳል። ሦስት ትናንሽ ቤቶች ለየጎጡ ቅርብ ናቸው፣ ሲጎዱም በየቤቱ ባለ መጥረቢያ ሊጠገኑ ይችላሉ።

ጣሪያውን በሣር ብንከድነው ይቀዘቅዝ ነበር፤ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም የበጋው ቀትር ፀሐይ ቆርቆሮን ያግላል። ይሁን እንጂ የግጦሹና የሣሩ ቦታ ከቀን ወደ ቀን በዲከረንስና በባሕር ዛፍ እየተያዘ የቤት ክዳን ሣር ማግኘት አዳጋች ሆኗል፣ የተገኘውም የአይጥ መኖሪያ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮን መርጠን፣ ሙቀቱን እንዲያግድ ከሥሩ የእጅ ባለሙያዎቻችን የሚሠሩትን የቀርከሃ ምንጣፍ እንዘረጋለን። ለአንዱ ቤት ወደ 50 ቆርቆሮ፣ ለሦስቱ 150 ያህል ያስፈልጋል።

የጥያቄያችን ዝርዝር እንግዲህ ይህ ነው። ቆርቆሮው፣ የቆርቆሮና የእንጨት ሚስማሩ፣ ቆጦቹን የምናስርበት ሽቦ፣ እንዲሁም ከጣሪያ እስከ በር ሥራውን የሚመራ አናጢ ዋጋ በእናንተ ድጋፍ ይሸፈን። የሚቻላችሁ ገንዘብ ብትልኩ ይሻለናል፤ ከየቦታው የሚመጣ ቆርቆሮ ውፍረቱና ስፋቱ ስለሚለያይ አንዱ ካንዱ አይገጥምም፣ ማጓጓዣውም ይከብዳል። በአንድ ቆርቆሮ ዋጋ የሚሳተፍም፣ የአንድን ቤት ጣሪያ ብቻውን የሚችልም እኩል ይመዘገባል። በእንጅባራና በባሕር ዳር ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቻችን የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ብታጠራቅሙልን ትልቅ ወጪ ታስቀሩልናላችሁ። አቅማችሁ ለገንዘብ የማይፈቅድ ደግሞ በደቦው ቀን ብትገኙልን እንደ መዋጮ እንቆጥረዋለን።

ገንዘቡ የሚገባው በእኛ በድንች አምራቾቹ ማኅበር ስም በተከፈተውና ከሦስት ሰዎች ፊርማ ውጭ በማይንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ነው። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የግዢ ደረሰኞቹም ለማንም ሰጪ ለማየት ክፍት ይሆናሉ። የሚተርፍ ገንዘብ ቢኖር የምናውለው ከጉደኔና ከበለጠ ዝርያዎች ንጹሕ የመነሻ ዘር ለመግዛት ነው፤ ከዚህ ሌላ ለምንም ነገር አይወጣም። የቤቱን ንድፍም በነፃ እንሰጣለን፤ ለሌላ ቀበሌ መሥራት የሚፈልግ ወስዶ ይጠቀምበት።

ቋሚዎቹ በጥር ይተከላሉ፣ ማገሩና ርብራቡ በየካቲት በደቦ ይመታል። ጣሪያው ከበልግ ዝናብ በፊት መከደን ስላለበት ቆርቆሮውን በየካቲት መጨረሻ መግዛት ይኖርብናል፤ ያ ጊዜ ካለፈ ግድግዳው ዝናብ እየጠጣ ይከርማል፣ የመስከረሙ ዘርም እንደ ወትሮው ከአልጋ ሥር ይገባል። ስለዚህ ድጋፋችሁ ከየካቲት አጋማሽ በፊት እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን። የሒሳብ ቁጥሩን በየከተማው ካሉ የአካባቢያችን ተወላጆች ዕድሮች ወይም በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ከማኅበሩ ጸሐፊ ማግኘት ይቻላል።

የግንባታው አስተባባሪ ኮሚቴ