በረኛን በገባበት ጎል ብቻ አትመዝኑት

ውድ አዘጋጅ፣

እንግሊዝ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ዌምብሌይ ላይ በሃንጋሪ 6 ለ 3 የተሸነፈችበትን ጨዋታ ያስታወሳችሁበትን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ሃንጋሪው ኮከብ ስለ ፑሽካሽ የጻፋችሁት ግሩም ነው። የእንግሊዙን በረኛ ጊል ሜሪክን ግን "በሁለት ጨዋታ 13 ጎል የገባበት" ብላችሁ አለፋችሁት። እውነት ነው፣ ስድስቱ ዌምብሌይ፣ ሰባቱ በ1954 ቡዳፔስት ላይ ገብተውበታል። ግን እኮ የሰውየው ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም!

የዌምብሌዩን ሦስተኛ ጎል እስቲ ደግማችሁ እዩት። ፑሽካሽ ኳሷን በጫማው ሶል ወደ ኋላ ይስባታል። የእንግሊዙ ተከላካይ ቢሊ ራይት ተንሸራቶ ባዶ ሣር ላይ ይቀራል። ወዲያው ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። የሃንጋሪው አጥቂ ሂዴግኩቲ ደግሞ ወደ መሀል እያፈገፈገ ሲጫወት፣ የእንግሊዙ ተከላካይ ሃሪ ጆንስተን ልከተለው ወይስ ቦታዬን ልጠብቅ እያለ ግራ እንደገባው ዋለ። ይህን ሁሉ በረኛው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1954 የዓለም ዋንጫ በኡራጓይ 4 ለ 2 ሲሸነፉ ግን ሜሪክ መወቀሱ አግባብ ነበር፤ ያን አልክድም።

ሜሪክ የበርሚንግሃም ልጅ ነው። የተጫወተውም ለከተማው ክለብ ለበርሚንግሃም ሲቲ ነው። የጦርነቱ ዘመን ጨዋታዎች ሳይቆጠሩ 551 ጊዜ ተሰልፏል። የ1956ቱን የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ስናነሳ አንገቱ ተሰብሮ የጨረሰውን የማንቸስተር ሲቲውን በረኛ ትራውትማንን እናደንቃለን፣ ይገባዋልም። በሌላው በኩል፣ በበርሚንግሃም ጎል ላይ ቆሞ የነበረው ሜሪክ ነው።

በ1960 ጓንቱን ሰቅሎ የዚያው ክለብ አሰልጣኝ ሆነ። ፌርስ ካፕ በሚባለው የአውሮፓ ክለቦች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ኢንተር ሚላንን ሳን ሲሮ ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በሜዳውም ደገመው። ፍጻሜው ላይ ሮማ አሸነፈው። በ1963 ግን የከተማ ባላንጣውን አስቶን ቪላን በደርሶ መልስ 3 ለ 1 ረትቶ ሊግ ካፑን ወሰደ። የክለቡ የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ ነው። ሊጉ ላይ ቡድኑ ላለመውረድ ሲንገዳገድ ስለነበር በ1964 ተሰናበተ።

የክለቡን ሁለተኛ ዋንጫ፣ ያንኑ ሊግ ካፕ፣ የኛ አገር የአርሰናል ደጋፊ መቼም አይረሳውም። 2011 ላይ የአርሰናሉ በረኛ ሽቼዝኒና ተከላካዩ ኮሲዬልኒ ተደነጋግረው የበርሚንግሃሙ ኦባፌሚ ማርቲንስ ባዶ ጎል ያገባባት ናት። በሁለቱ ዋንጫዎች መካከል 48 ዓመት አለፈ። ሜሪክ ሁለተኛውን አላየም፣ 2010 ላይ አርፏል። ደግነቱ ክለቡ ከዚያ በፊት አንዱን የስታዲየሙን ክፍል በስሙ ሰይሞለታል።

በሚቀጥለው ስትጽፉ እባካችሁ ከ13ቱ ጎል ጎን የ1963ቱን ዋንጫም አስገቡልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ